የመተማው ሁለገብ ተመራማሪ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ተመራማሪ ሆኛለሁ፤ ያውም ሳልመራመር።

መተማ ዮሐንስ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳለሁ፣ የምርምር ጽሑፎችን በኢንተርኔት የሚያቀርብ አንድ አገልግሎት በነፃ እንድንጠቀም ፈቀደልን። መመዝገቢያው «የተመራማሪው ስም» ይላል። ከቤቱ ኢሜይል ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ የራሴን ስም አስገባሁ። የይለፍ ቃሉን ግን ደብቄ ልይዘው ነው? በእኛ አገር አንድ ትራክተር ከመጣ ለጎረቤት ሁሉ ሳያርስ አይመለስም። ወረቀት ላይ ጽፌ የኮምፒዩተሩ ግንባር ላይ ለጠፍኩት።

ከዚያ ወዲያ በስሜ ያልተፈለገ ነገር የለም። ጠዋት የኬሚስትሪ መምህሩ ስለ ጉድጓድ ውሃ ጨው ይፈልጋል። ረፋዱ ላይ አንድ ትራንዚተር የጉምሩክ ሥራውን ጥሎ ስለ ድንበር ንግድ ያነባል። ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያ የጤና መኮንኗ ትመጣለች። እሷ ሁለተኛ ዲግሪዋን በርቀት እየተማረች፣ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጡትን የቀን ሠራተኞች ስለሚይዘው የካላዛር በሽታ ትጽፍ ነበር። ጽሑፏን ከፋሲካ በፊት ካላስገባች ዓመቱ ይቃጠልባታል። እኔ ደግሞ መስኮት እከፍታለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ።

አንድ ቀን ከአገልግሎቱ ደብዳቤ መጣልኝ። «ከተጠቃሚዎቻችን ሁሉ እጅግ ሁለገብ ሆነው ስላገኘንዎት፣ አገልግሎታችንን ለማሻሻል አስተያየትዎን በስልክ ልንጠይቅዎ እንወዳለን» ይላል። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ሁለት ቅጂ አተምኩ። መኮንኗ ግን አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ የይለፍ ቃል ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል ነው እኮ። ከታች በደቃቅ ፊደል ጽፈውታል። ካወቁብን ይዘጉታል፤ ያኔ እኔ አለቀልኝ።»

«ማን ይነግራቸዋል? ተመራማሪው እኔ ነኝ» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

ቀጠሮው ረቡዕ ከሰዓት ነበር። እስከዚያ ሰው ሁሉ አስተያየቱን እያሸከመኝ ደብተሬ ሞላ። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ገና ሳይወርድ «ጊዜዎ አልቋል፣ እንደገና ይግቡ» ይላል። ርዕሱን አሳይቶ ውስጡን ይቆልፋል። በአማርኛ ሲጠይቁት ዝም ነው። ትራንዚተሩ ብቻ «አስተያየት የለኝም፣ ሰላምታዬን አቅርብልኝ» አለ፤ እሱንም ጻፍኩት።

በዕለቱ ከአጠገባችን ከኮኪት አንድ ሰሊጥ አምራች ሽማግሌም ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ወንበር ያዙ። ሰሊጣቸውን ትኋን የሚሉት ተባይ እየመጠጠ ቢያስቸግራቸው፣ መኮንኗ ሦስት ጽሑፍ እየተረጎመች አንብባላቸው ነበር። ከድንበሩ ማዶ ያለው የሱዳን ኔትወርክ ስልኬን እንዳይነጥቀኝ በሩ አጠገብ ቆምኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ደዋይዋ ትሑት ሴት ነበረች።

«ዋና የጥናት መስክዎን ቢነግሩን?»

ይህ ጥያቄ ደብተሬ ላይ የለም። «ሰሊጥ ነው» አልኩ። «ካላዛርም። ውሃም አለበት።»

«ሦስቱ እንዴት ተገናኙ?»

«እዚህ አገር ሁሉም ይገናኛል።»

«በሰሊጥ ላይ የደረሱበት ዋና ውጤት ምንድን ነው?»

ደብተሬን ማገላበጥ ጀመርኩ። ሽማግሌው ግን አላስቻላቸውም። ተነሥተው ወደ ስልኩ ጮኹ።

«ልጄ፣ እሱ ምን ሰሊጥ ያውቃል! ሰሊጡ የኔ ነው! ወረቀታችሁ ተማም ነው፣ ደኅና ነው፤ ግን የሰው አገር ሰሊጥ ነው። የኛ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሜዳ ላይ ቁሞ ይደርቃል፤ ትኋኑ ሚገባው ያኔ ነው። የኛን ማን ጻፈው?»

ስልኩ ጸጥ አለ። ሱዳን ወስዶት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አልወሰደውም።

«እኒህ ማን ናቸው?» አለች።

አባቴ ናቸው ልል አፌን ስከፍት መኮንኗ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ይቅርታ ያድርጉልን» አለች። «ተመራማሪው አንድ ሰው አይደለም፣ ሁላችንም ነን። እሳቸው በሩን የሚከፍቱልን ናቸው። መዝጋት ካለባችሁ ዝጉት፤ ግን እባካችሁ ከፋሲካ በኋላ ይሁን።»

በማግስቱ የይለፍ ቃሉ አልሠራ አለ። አራት ቀን ሙሉ መኮንኗ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች የተዘጋው ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠች፤ ከዚያ በፊት ካተመችው ላይ በእጇ ትገለብጣለች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ወረቀቱን የለጠፈው የኔው እጅ እንደሆነ እያሰብኩ ራሴን ረገምኩ። በሁለቱ የደብዳቤ ቅጂዎቼ ሳይቀር አፈርኩ።

በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ። የእያንዳንዳችሁን ስም ላኩ፣ ለየብቻ እንከፍትላችኋለን ይላል። ፋይል እየወረደ ጊዜ እንዳያልቅ አስተካክለናል፤ የሰሊጥ አምራቹን አባት አስተያየትም በጽሑፍ ብናገኘው ደስ ይለናል። መኮንኗ ደብዳቤውን ይዛ አለቀሰች። ጽሑፏን ሆሳዕና ሳይደርስ አስገባች።

ለእኔም የራሴ ተከፈተልኝ። ማንም በሌለበት ረፋድ ላይ ገባሁ። «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ፤ ከሥሩ ደግሞ «እስካሁን ምንም አልፈለጉም»።

ሳቅሁ፤ ትንሽም ከፋኝ። ስንት ሰው በስሜ ሲጠይቅ ኖሮ፣ እኔ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ምን እንደምጠይቀው ጠፋኝ። በመጨረሻ ካላዛር ብዬ ጻፍኩ። እኔ አጠገቧ አቧራ ስጠርግ፣ ልጅቱ ያን ሁሉ ከሰዓት ምን ታነብ እንደነበር ማወቅ ፈልጌ ነው።