አማቴ የሚያውቁት ሕመም

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ከአንኮበር በታች ባለው ገደል፣ ጥድ ሥር ተጋድሜ ነው። ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ ባንዳ ቤታችንን ሊያቃጥል ነው ሲባል አማቴ እጄን ይዘው ቁልቁል ሲያሮጡኝ ምጡ መጣ። "ጮኸሽ እንዳታስፈጂን!" ብለው አፌን በነጠላቸው አፈኑት። ልጁ ሞቶ ተወለደ። እዚያው ቀብረነው፣ ድንጋይ ከምረንበት ወደ ዘመድ ቤት ተጠጋን።

ከዚያ ወዲያ ሰውነቴ አልፈታ አለ። ታች፣ ከብሽሽቴ እስከ ወገቤ መጨረሻ ድረስ፣ ሰው በጡጫው የጨበጠኝ ያህል ይይዘኛል። ስቀመጥ ያቃጥለኛል። ጥጥ ስፈትል እንኳ በአንድ ጎኔ ጋደል ብዬ ነበር።

ባሌ አርበኛ ነበር። አልፎ አልፎ ከዱር ወጥቶ ሲመጣ ያለንን እናበላዋለን፤ ከዚያ የሚፈልገው እኔን ነው። መጀመሪያ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። በኋላ ግን አቃተኝ።

"እባክዎ፣ ያመኛል" አልኩት። ያኔ አንቱ ነበር የምለው።

"ዱር ጠላት ይጠብቀኛል፣ ቤቴ ስገባ ደግሞ ሚስቴ ትከለክለኛለች? ሌላ ሰው ለምደሻል!"

"ማንን እለምዳለሁ? ውሎዬ ከእናትዎ ጋር አይደለም እንዴ?"

አማቴ እዚያው ምስር ይለቅማሉ። ቀና አላሉም።

ዓይነ ጥላ ነው ብለው ጸበል ወሰዱኝ። ቀዝቃዛው ውኃ ጀርባዬን ሲመታኝ ያ ታች ያለው ጡጫ የባሰ ጠበቀ። በመጨረሻ አንዲት ሸክላ ሠሪ ጎረቤታችን አዘነችልኝ። "አልዩ አምባ ሴት የሚያሹ ወጌሻ አሉ። ገበያ ስወርድ አብረሽኝ ነይ" አለችኝ። አማቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። "እስላም ቤት ምን ልትሆኚ? አትሄጂም!" አሉ። እኔ ግን ድስት ተሸክሜ ላግዛት ብዬ ሄድኩ።

ወጌሻዋ ድምፃቸው ጎርናና የሆነ፣ ወፍራም ሴትዮ ነበሩ። በሩን ዘግተው፣ እጃቸውን የሰሊጥ ዘይት ቀብተው፣ "ልጄ፣ ልንካሽ?" አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "ቢስሚላሂ" ብለው ብሽሽቴን፣ የጭኔን ውስጥ፣ የዳሌዬን ጎን ቀስ እያሉ ተጫኑት። አንዱን ቦታ ሲነኩት ዘልዬ ልነሳ ነበር።

"ማህፀንሽ ደህና ነው። የተቋጠረው ጅማትሽ ነው" አሉ። "ስትፈሪ ትጨብጫለሽ፤ ስትጨብጪ ያምሻል፤ ሲያምሽ ደግሞ ትፈሪያለሽ። ትንፋሽሽን ወደ ሆድሽ አውርጂው። እንደ ምጥ አትግፊ! ልቀቂው ብቻ።"

መልቀቅ እንዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሳላስበው ሲለቀኝ አለቀስኩ።

ቤቴ ሆኜ ጉልበቴን ከፍቼ እየተጋደምኩ እንድተነፍስ፣ ጨው በጨርቅ ቋጥሬ አሙቄ ብሽሽቴ ላይ እንዳደርግ አሳዩኝ። መንገድ በተከፈተ ቁጥር ከሸክላ ሠሪዋ ጋር እየወረድኩ ታሸሁ። ሕመሙ አንድ ቀን ይሄዳል፣ ሌላ ቀን ይመለሳል። እየቆየ ግን ሳልፈራ መቀመጥ ቻልኩ።

አንድ ቀን እያሹኝ የማን ቤት ምራት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው እጃቸው ቆመ።

"አማትሽ እኮ እንዳንቺው ሆነው መጥተው ነበር፤ ባልሽን የወለዱ ጊዜ። እዚሁ ነው የተኙት። የምታሻቸው እናቴ ነበረች፤ እኔ ዘይት አቀብላት ነበር። አላህ ይመስገን፣ ድነው ሄዱ። አልነገሩሽም?"

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። አማቴ ዱቄት እየነፉ አገኘኋቸው።

"እሜቴ፣ ይሄን ሕመም ያውቁት ኖሯል?"

ወንፊታቸውን አቆሙ። "አውቀዋለሁ" አሉ።

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

"እኔ ባሌ ሳይሰማ፣ ተደብቄ ነው የዳንኩት። ላንቺ ብነግርሽ ለሱ ትነግሪዋለሽ። ልጄ ስለ እናቱ ምን ይላል?"

"እኔንስ ሸርሙጣ ሲለኝ?"

"አንቺ ልጅ ነሽ፤ ይረሳልሻል" ብለው ወንፊታቸውን መነቅነቅ ቀጠሉ።

ጣሊያን ሲወጣ ባሌ ጎፈሬውን አሳድጎ፣ ጠመንጃውን አንግቦ ገባ። አገሩ በእልልታ ተቀበለው። ከኋላው በመዘዞ በኩል ያገባት ሴት በበቅሎ ተቀምጣ ነበር፤ ሆዷ ገፍቷል። ሽማግሌ ተቀምጦ እሱ፣ "እኔ ለአገሬ ስደማ ይቺ ሌላ ለምዳ ገፋችኝ" አለ። መታመሜን ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ አማቴን ጠየቋቸው።

"የሴት ሕመም እኔ በምን አውቃለሁ?" አሉ፤ ዓይኔን ሳያዩ።

የሚገባኝን ሳይሰጡኝ አፋቱኝ። ልብሴን በአንድ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። እዚያ ሱፍ ለሚሸምን ሰው ድር እየፈተልኩ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ሰው ሁሉ ባሏን ከድታ የመጣች ነች ይለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስፈትል እውላለሁ፤ ምንም አያመኝም። ይህንንም የምነግረው ሰው አልነበረኝም።