ስፓኒሽ በስፌት መኪና

ታላቅ እህቴ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ዕድሜዋን የፈጀችው የስፌት መኪና ላይ ነው። በስተርጅና ስፓኒሽ ልማር ብላ የተነሳችው ሥራ ፈትታ አይደለም። ልጇ ባሕር ማዶ አግብታ የወለደቻት ሕፃን ከስፓኒሽ ሌላ አታውቅም፤ በስልክም ቢሆን አያትና የልጅ ልጅ ተያይተው ከመሳሳቅ አላለፉም። አሁን ሊመጡ ነው።

"የገዛ የልጅ ልጄን በአስተርጓሚ ላናግር?" አለችና ልብስ የምትሰፋላትን የቋንቋ መምህርት ያዘች። ሰላምታውን ዘልላ የምኞቱን አነጋገር ጠየቀቻት። "ለልጅ የሚባለው ይኸው አይደል? አውሪ፣ እደጊ፣ ኑሪ።"

መምህርቷ የምኞቱን ሕግ ነገረቻት፤ የግሶቹ መጨረሻ ይለዋወጣል። በ"አር" የሚያልቀው ግስ "ኤ" ይይዛል፤ በ"ኤር" እና በ"ኢር" የሚያልቁት ደግሞ "አ"።

"የአንዱን አንገትጌ ፈትቶ ለሌላው መስፋት ነዋ" አለች እትዬ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሰላም አጣ። መርገጫውን በረገጠች ቁጥር አንድ ቃል፦ ለማውራት አብሌ፣ አብሌስ፣ አብሌ፣ አብሌሞስ፣ አብሌን። ለመኖር ቪቫ፣ ቪቫስ፣ ቪቫ፣ ቪቫሞስ፣ ቪቫን። እኔ ራሴ ሽንኩርት ስከትፍ አብሌሞስ ማለት ጀመርኩ።

እንግዶቹ መጡ። ሕፃኗ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። እትዬ ምግብ ጠረጴዛው ላይ አፏን ከፈተች፤ አንድም ቃል አልወጣም።

"እማዬ፣ ተይው፣ እኔ እነግርልሻለሁ" አለች ልጇ።

እትዬ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ስንት ጊዜ ስለፈልፍ ከርሜ እሷ ፊት ዲዳ ልሁን?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ዝቅ ብዬ ሳይ እግሯ ባዶ ወለል ይረግጣል።

"ተነሺ" አልኳት። "አንቺ ስፓኒሽ የምታውቂው በእግርሽ ነው።"

ክር የሌለው መኪና ላይ ተቀምጣ ረገጠች። ቪቫ፣ ቪቫስ፣ ቪቫ... ቃሉ እንደ ልማዱ ተከታትሎ መጣ። ሕፃኗ ከቀሚሱ ወጥታ መርገጫው አጠገብ ቁጢጥ አለች። እትዬ ደክሟት እግሯን ስታሳርፍ ድምፅዋም ቆመ።

ሕፃኗ መርገጫውን በሁለት እጆቿ ገፋችና ቀና ብላ አያቷን ጠበቀች።

"ኪዬሮ ኬ ቪቫስ" አለቻት እትዬ። እንድትኖሪልኝ እፈልጋለሁ።

ልጇ ልታስተረጉም አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሕፃኗ መርገጫውን ደግማ ገፋችው።