የመቀነስ ምልክት

የወጣሁ ዕለት አባባ አላለቀሱም። ወሰን ሰፈር ካለው ቤታችን ሻንጣዬን ተሸክመው እስከ ታክሲው ሸኙኝ፤ «የእንጦጦ ብርድ ያደግሽበት ነው፤ የዚያን አገሩንም ትችይዋለሽ» አሉኝና በሩን ዘጉልኝ። እሳቸው ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ፣ እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ጀርመን ተምሬ ልመለስ ነው የሄድኩት፤ ይኸው ስድስተኛ ዓመቴን ያዝኩ። አገር ቤት አልረጋ ሲል እዚሁ ለመቆየት አመለከትኩ፤ መልሱ ሳይመጣ ከዚህ ከወጣሁ ደግሞ ተመልሶ መግባት የለም።

እዚህ ሁሉም ነገር ቴርሚን ነው፤ ቀጠሮ ማለታቸው ነው፤ ጓደኛ ለመጠየቅ እንኳ። ዳቦአቸውም ይኮመጥጣል፤ ግን እንደ እንጀራ አይደለም፣ ሆድ ያስብሳል እንጂ።

በቀደም አከራዬ፣ «አገርሽ ምን ያህል ይርቃል?» አለችኝ።

«በአውሮፕላን ሰባት ሰዓት።»

«ርቀቱን ነው የጠየቅኩሽ። ለነገሩ ቅርብ ነው፤ ለምን አትሄጂም?»

«ቴርሚን እየጠበቅሁ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ለእሷ በቂ ምክንያት ነበር።

እህቴ አባባን እንጦጦ ፓርክ ወስዳቸው፣ ትንሿን ዳገት ሦስት ጊዜ እየተቀመጡ እንደወጧት የነገረችኝም ያን ሰሞን ነው። ደወልኩላቸው። ስለ ጉልበታቸው ማውራት አልፈለጉም፤ የአከራዬን ነገር ሳወራላቸው ግን ሳቁ።

«ጊዜና ርቀት አንድ ነው እንዴ ታዲያ?»

«በአንድ መለኪያ ይለካሉ፤ ጊዜውን በብርሃን ፍጥነት ካባዙት ርቀት ይሆናል። ግን አንድ አይደሉም። እርስዎ መሬት ሲለኩ ሰያፉን ለማግኘት የሁለቱን ጎን ካሬ ይደምሩ የለ? ጊዜ ሲገባበት አይደመርም፤ የቦታው ካሬ ከጊዜው ካሬ ላይ ይቀነሳል።»

በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማኝ።

በሳምንቱ ራሳቸው ደወሉ። «ሣልኩት» አሉኝ። «መሬት ላይ ቀጥ ያለው መንገድ አጭሩ ነው። ጊዜ ሲገባበት ግን ካልተንቀሳቀሰው ሰው ላይ የሚቀነስ ርቀት ስለሌለ፣ የእሱ መስመር ረጅሙ ሆነብኝ። ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳቱም። ሁለት ሰዎች ተለያይተው ሲገናኙ፣ ሄዶ የተመለሰው ሰው ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይቆጥራል።»

«ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ቤት በተቀመጠው ላይ ነው በይኛ።»

«አዎ፤ ግን በአውሮፕላን ፍጥነት ልዩነቱ ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያነሰ ነው፣ አባባ።»

«ይሁን» አሉ። «ልዩነቱ የሚታወቀው ግን ሁለቱ መልሰው ሲገናኙ ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋነውም።