የአባባ የበረዶ ጫማ

እሁድ ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ከታች ሆኖ የመኪናውን ጥሩምባ ሲነፋ አንጀቴ እርር ይል ነበር። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። አባባ ከወሎ ከመጡ ጀምሮ የሚኖሩት እኔ ዘንድ፣ አሜሪካ፣ ፓራዳይዝ በሚባል ሰፈር ባለችው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማዬ ነው። መኝታ ቤቱን ለእሳቸው ለቅቄ ሶፋ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። የደም ግፊት ክኒናቸውን የማስታውስ፣ ሐኪም ቤት የማመላልስ፣ ሾርባቸው ጨው እንዳይበዛበት የምቀምስ እኔ። እሱ ግን ማውንተንስ ኤጅ የሚባል ሰፈር ካለው ሰፊ ቤቱ በሳምንት አንዴ ብቅ ይልና ወደ ቻርልስተን ተራራ ይዟቸው ይሄዳል። እኔ የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ እነሱ በረዶ ላይ ይንሸራሸራሉ።

አመሻሽ ላይ ሲመለሱ የአባባ ሳቅ ገና ከደረጃው ይሰማል። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ወሬው በረዶ ነው፤ ዛፉ እንዴት እንደተሸከመው፣ ሲረግጡት እንዴት እንደሚንኮሻኮሽ። "ወንድምሽ እኮ እጄን ይዞ ነው የሚያስኬደኝ" ይሉኛል፣ እኔ የሠራሁትን ሾርባ እየጠጡ። ስለ ሾርባው ምንም አይሉም።

የተራራ ጫማውንም የገዛላቸው እሱ ነው። ብርድ የማያሳልፍ፣ ውሃ የማያስገባ፣ መልኩ ግራጫ ሆኖ የሚያምር። በር ላይ ጫማ ማውለቅ ልማዳችን ስለሆነ ከሥራ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር። እዚያ ተጎልቶ የሚያሾፍብኝ ይመስለኛል። አንድ ቀን ተናድጄ በእግሬ ገፋ ሳደርገው አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ጫማው አጭር ነው። አፉ ከቁርጭምጭሚት በታች ይቀራል።

"አባባ፣ የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ተራራው ላይ ሲደርስብዎት ውዱእ እንዴት ያደርጋሉ?" አልኳቸው።

"ጫማዬን አወልቅና እታጠባለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ?"

"በረዶው ላይ?"

"በረዶው ላይ።"

ደስ አለኝ! ላዝንላቸው ይገባ ነበር፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። አገኘሁበት። እኛ ሙስሊሞች እንደምናውቀው፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ ለሶላት ታጥበው፣ ውዱእ ላይ ሆነው ካጠለቁት፣ ለሚቀጥለው ሶላት ማውለቅ አያስፈልግም፤ በእርጥብ እጅ ከላዩ ማበስ ይበቃል። ወንድሜ ይህን አላሰበበትም። ከየት ያስበዋል? አሜሪካ ከገባ ወዲህ ሶላቱን ትቷል። አባባ ይህን ባወቁ ቀን ፊታቸው ጠቆረ እንጂ ምንም አላሉም፤ ከዚያም በኋላ ነገሩ በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። ሀገር ቤት እያለን ግን ለአባባ ውዱእ በኩስኩስት ውሃ የሚያፈስላቸው እሱ ነበር። ያኔም እቀና ነበር።

ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ሺፍት ተቀያየርኩና አባባን ጫማ መደብር ወሰድኳቸው። የሄድነው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ሲውል ስለሚያብጥ ጠዋት የተለካ ጫማ ያታልላል። ወፍራም የሱፍ ካልሲም ይዤ ነበር፤ በስስ ካልሲ ለክተው ተራራ ላይ ጣታቸው እንዲጨናነቅ አልፈለግሁም። ሻጯ ታመጣለች፣ እኔ እመልሳለሁ። አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ሶሉ ልሙጥ ነው፣ አንዱ ያው አጭር ነው። በመጨረሻ ከውስጥ ሞቅ ያለ ገበር ያለው፣ ሶሉ በረዶ የሚቆነጥጥ፣ ምላሱ ከግራና ከቀኝ ጎኑ ጋር ተሰፍቶ በማሰሪያው በኩል ውሃ የማያስገባ ጥቁር ጫማ አመጣች። ሱቁ ውስጥ ለመሞከሪያ በተሠራው ድንጋይ ላይ አባባን አውጥቼ አወረድኳቸው። ቁልቁል ሲወርዱ ጣታቸው ጫፉን አልነካም፤ ሽቅብ ሲወጡም ተረከዛቸው አልተነሳም። ተንበርክኬ ቁርጭምጭሚታቸውን ዳበስኩ። ጥሩ አድርጎ ሸፍኖታል።

"ቁርጭምጭሚታቸውን ያማቸዋል እንዴ?" አለችኝ ሻጯ።

"የለም፣ ለሶላት ነው" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳልገባት ግን ያስታውቃል።

አባባም "አንቺ ከወደድሽው ጥሩ ነው" አሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ሳጥኑን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ በመስታወት እያየሁት ነዳሁ።

የዚያን እሁድ ሥራ የምገባው ከሰዓት ነበር። አባባ ውዱእ አድርገው ሲወጡ የአዲሱን ጫማ ማሰሪያ ፈታትቼ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው። ጥሩምባው ተነፋ። አባባ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና ጎንበስ ብለው ግራጫውን አነሱ።

"ተሳሳቱ አባባ፣ ያኛው ነው።"

"አልተሳሳትኩም።"

ቱግ አልኩ። "እኔ የገዛሁት ምን ጎደለው? እሱ ያደረገው ሁሉ ያምራል! እኔ እዚህ ስደክም አይታይም፣ እሱ በሳምንት አንዴ መጥቶ ጥሩምባ ሲነፋ ይታያል!"

አባባ አልተቆጡኝም። ግራጫውን ጫማ ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"ያንቺ ጫማ ምንም አልጎደለው፣ ልጄ" አሉ። "ያንቺን ካደረግሁ ግን ማውለቅ የለብኝም። ካላወለቅሁ ደግሞ እግሬ ላይ ውሃ የሚያፈስልኝ ሰው አያስፈልገኝም።"

ጥቁሩን ጫማ ከፊታቸው አነሳሁ።

"መጀመሪያ የሄድን ጊዜ መኪናው ውስጥ ስልኩን እየነካካ ጠበቀኝ። በሌላው እሁድ ጎንበስ ማለት ሲያቅተኝ አየና ወርዶ ማሰሪያዬን ፈታልኝ፣ ውሃውንም አፈሰሰልኝ። ባለፈው እሁድ እኔን ካስታጠበ በኋላ በቀረችው ውሃ ራሱ ታጠበ። ጃኬቱን አጠገቤ አንጥፎ ሰገደ። ምንም አላልኩት፤ አንቺም እንዳትይው።"

ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው። "ፓርክ ማድረጊያ የለም እኮ! ቶሎ ይውረዱ በያቸው!"

"ጠብቅ፣ ምን አጣደፈህ!" ብዬ ዘጋሁበትና ወጥ ቤት ገባሁ። ውሃ ጣድኩ። ጣቴን ነክሬ ለብ ማለቱን ሳረጋግጥ በትልቁ ፔርሙዝ ቀዳሁት። ከዚያ አባባን፣ ግራጫውን ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ደግፌ ደረጃውን አወረድኳቸው። ቅናቴ እንደሆነ አልለቀቀኝም፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አብሮኝ ወረደ።

ወንድሜ በመስኮቱ ፔርሙዙን ተቀበለኝ። "ምንድን ነው፣ ሻይ ነው?" አለኝ።

አቅፌው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ በጥፊ ልለውም ምንም አልቀረኝም።

"የአባባ የእግር ውሃ ነው" አልኩት። ለሁለት ሰው እንዲበቃ ብዬ እስከ አፉ እንደሞላሁት ግን አልነገርኩትም።