ለታጁራ የተላከው ባና

የባለቤቴ አባት ሁልጊዜ ይሞቃቸዋል። መካነ ሰላም ውስጥ፣ በኅዳር ማለዳ፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲያድርና እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ፣ እሳቸው በስስ ጀለቢያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በኮፍያቸው ፊታቸውን ያራግባሉ።

«እንዴት አደሩ አባባ?» ስላቸው፣

«አልሐምዱሊላህ ልጄ። ይኸ ሙቀት ባይኖር ደህና ነበርኩ» ይሉኛል።

ይህ ጠባይ ወደ ልጃቸውም ተላልፏል። ከባለቤቴ ጋር በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ መስማማት ያቃተን በመኝታ ቤታችን መስኮት ብቻ ነው። እሱ ይከፍታል፤ እኔ እዘጋለሁ። የባዮሎጂ መምህርት እንደ መሆኔ የሰው ልጅ የሰውነቱን ሙቀት እንዴት እንደሚጠብቅ በሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስረዳለሁ፤ አባትና ልጁን የማስገባበት ቦታ ግን ሥዕሉ ላይ አግኝቼ አላውቅም።

አባባ ዕድሜያቸውን ቁርአን በማስተማር ያሳለፉ፣ በአካባቢያችን የተከበሩ ሰው ናቸው። በእኛ ሀገር ደግሞ ለተከበረ ሽማግሌ የሚበረከተው ባና ነው፤ ከደጋ በግ ጠጉር የሚሠራው፣ አንድ ሰው ለብቻው ሲያጥፈው የሚደክመው ወፍራም ብርድ ልብስ። ሰጪው በራሱ እጅ ትከሻቸው ላይ ይደርብላቸዋል። ደርበውት ካልተቀመጡ ስጦታው እንደ ተመለሰ ስለሚቆጠር፣ አባባ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ እንግዳው እስኪሄድ ድረስ ለብሰው ይመርቃሉ። በሩ ሲዘጋ ባናው ወደ ጓዳው ክምር ይጣላል። ድመታቸው እዚያ ክምር ላይ ስንት ትውልድ እንዳሳደገች አላህ ይወቀው።

አባባ ግን ከስጦታውም ከክብሩም በላይ የሚኮሩት በዘራቸው ነው። አንድ ቅድመ አያታቸው ከባሕር ጠረፍ፣ ከጅቡቲዋ ታጁራ፣ የጨው ነጋዴዎችን ተከትለው ወደ ወሎ ደጋ የመጡ ታላቅ ዓሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ ነበሩ ይላሉ። ለዱዓ በተሰበሰብን ቁጥር ታሪኩን እንሰማለን። ለዱዓውም ለለቅሶውም የማይቀሩት ክርስቲያኑ ጎረቤታችን፣ የአባባ የልጅነት ጓደኛ፣ ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው አያውቁም።

«የባሕሩ ሰው፣ ለመሆኑ ዋና ትችላለህ?»

«ዋና የዓሣ ሥራ ነው። እኛ የዒልም ቤት ነን።»

«እሺ፣ የዒልሙ ቤት፤ ታዲያ ይኸን ሁሉ ዘመን ከዚያ ቤት አንድ ሰው እንኳ "እንዴት ናችሁ" ያላለው ምን ነክቶት ነው? ውሃ ሞልቶበት?»

ሁለቱም ይሥቁ ነበር። ይሁንና አባባ ካቻምና ክረምት ታመው ከተነሡ ወዲህ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት አቆሙ። አንድ ቀን ባለቤቴንና እኔን አስጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡን።

«ከዚያ ሀገር አንድ ሰው "የእኛ ነው" ሲል ብሰማ ይበቃኛል» አሉ። «የእኛ አይደለም ካሉም ንገሩኝ። ስዋሽ ኖሬ፣ መዋሸቴን ሳላውቅ እንዳልሞት።»

እንዲህ ተብሎ የሚቀር ሰው የለም። የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስ ለመሄድ ተዘጋጀን። በመነሻችን ዋዜማ አባባ ከጓዳው ክምር ወፍራሙን ጥቁር ባና አስወጥተው ባለቤቴ ጭን ላይ አስቀመጡት።

«ለዘመዳችን ነው። አንቺ በትከሻው ላይ ደርቢለትና ፎቶ አንሺው። ካለበሰው አልተቀበለም ማለት ነው።»

«አባባ፣ ታጁራ እኮ ቆላ ነው። በጣም ይሞቃል» አልኩ።

«ልጄ፣ ምንጭ ዳር ቆመሽ እንኳ እግርሽ ይንቀጠቀጣል። ያን ሁሉ ውሃ ታቅፎ የሚኖር ሽማግሌ እንዴት አይበርደው? ሙቀትን ከሆነ ለእኔ ተይው፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

ከደጋ ወርደን፣ ደሴን አልፈን፣ በረሃውን አቋርጠን ድንበር ስንደርስ ፈታሹ ባናውን ዘረጋው፤ ጨመቀው፤ አሸተተው። ከዚያም ባልደረባውን ጠርቶ አብረው ጨመቁት።

«ይኸ ለማን ነው?»

«ታጁራ ላለ ሽማግሌ ስጦታ ነው» አለ ባለቤቴ።

ፈታሹ ወደ ሰማይ፣ ከዚያም ወደ ባናው ተመለከተ። «ከሽማግሌው ጋር ተጣልታችኋል?»

ጅቡቲ ከተማ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ዓረብ ሀገር ሠርታ የመጣች፣ ሙቀትን የለመደች ሴት ናት። እሷም ባናውን ስታይ የተናገረችው ብዙ የተለየ አልነበረም። «ወንድሜ፣ የታመመው ማን ነው? አንተ ነህ ወይስ አባባ?»

«የአባባ አማና ነው» አላት ባለቤቴ፤ አማና፣ አደራ ማለት ነው፣ ከተባለ በኋላ ደግሞ ክርክር የለም። የጎረቤቷን አሮጌ ቶዮታ ለምና ሰጠችን፤ ታጁራ ውስጥ የድሮ ሰዎችን ነገር የሚያውቁ አንድ አዛውንት እንዳሉም ነገረችን።

ከጅቡቲ ከተማ ባሕረ ሰላጤውን እየዞረ ወደ ታጁራ የሚወስደው መንገድ በጥቁር ድንጋይ መካከል ያልፋል፤ ከዚያ በድንገት ባሕሩ ከጎን ይገለጣል። ባሕር ሳይ የመጀመሪያዬ ስለ ነበር አንድ ቁም ነገር መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ። የተናገርኩት ግን «ካልሲዬን ላውልቅ ነው» የሚል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የቀዘቀዙት ጣቶቼ ሞቀው ነበርና ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ባለቤቴ በአንጻሩ ከመሪው ጋር ተጣብቆ፣ እርጥብ ፎጣ በራሱ ላይ አድርጎ፣ ያለማቋረጥ ያቃስት ነበር። ኤሲው የሚነፋው ሙቅ አየር ነው። መስኮቱን ሲከፍት ከውጭ የሚገባው ይብስ ሞቀ፤ ሲዘጋው ታፈነ። ደጋግሞ ከፈተ፤ ደጋግሞ ዘጋ።

«ተወው እንጂ፣ እንደ ተከፈተ ይሁን» አልኩት በእርጋታ። «አንተ ክፍት መስኮት ትወዳለህ።»

«መምህሯ፣ ዛሬ ቀን ወጣልሽ አይደል?»

አነዳዱም የሀገር ቤቱን ነበር። ከፊታችን ማንም በማይታይበት ሜዳ፣ መንገዱ ትንሽ በታጠፈ ቁጥር፣ ገደል ያለ ይመስል ጥሩምባ ያሰማል። ግመሎች ሲያቋርጡ ቆሞ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ለእረኛው የወሎን ሰላምታ ከነቤተሰቡ፣ ከነከብቱ፣ ከነአዝመራው ያደርሳል። እረኛው ቋንቋውን ባያውቅም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ታጁራ ነጫጭ ቤቶችና ነጫጭ መስጊዶች ባሕሩ አፋፍ ላይ የተደረደሩባት ጸጥ ያለች ከተማ ናት። አዛውንቱን ባሕሩ ዳር፣ በዳስ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። አፋር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ባቲና ደሴ እየተመላለሱ ይነግዱ ስለ ነበር አማርኛቸው የገበያ ቅልጥፍና አለው። ባለቤቴ አጎንብሶ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ አባቱ ያስጠኑትን የዘር ቆጠራ፣ አባት ከአባት እየቀጠለ፣ አንድም ሳያጓድል እስከ ታላቁ ቅድመ አያት ድረስ አደረሰው። እኔ እንኳ ኮራሁበት።

አዛውንቱ የመጨረሻውን ስም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸ ስም? እዚህ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ከዓሣው ይበልጣል።»

«ዓሊም ነበሩ» አለ ባለቤቴ። «ለማስተማር ወደ ደጋ የወጡ።»

«ዓሊም ወደዚህ ሲመጣ እናውቃለን። ከዚህ ወደ ደጋ የወጣ ዓሊም አልሰማሁም። ልጄ፣ ውሸት አልነግርህም።»

 ደጃፋቸው ላይ ሆነው ስልክ የሚጠብቁት አባባ ታሰቡኝ፤ ይህን የምነግራቸው እኔ እንደምሆንም አወቅሁ፤ ባለቤቴ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ስልኩን ለእኔ የመስጠት ልማድ አለው። እሱ ግን ተነሣ። «ሞቀኝ» አለ። ጫማውን አውልቆ፣ ከነሸሚዙ፣ ከነሱሪው፣ ከነባርኔጣው ወደ ባሕሩ ገባና እስከ አንገቱ ድረስ ተቀመጠ።

በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የማልናገር ሴት ነኝ። በዚያ ቅጽበት ግን እስከ ውሃው ጫፍ ሮጬ፣ «ኧረ ውጣ! የአባባን ስም ይዘህ መጥተህ! ሰው እያየህ ነው!» አልኩት።

«ይየኝ!» አለ ከባርኔጣው ሥር። «ምሳ ካለ እዚሁ አምጪልኝ።»

ከኋላዬ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አዛውንቱ ጉልበታቸውን እየመቱ ነው፤ ታመሙ ብዬ ደነገጥኩ። እየሣቁ ነበር። በአፋርኛ እየጮሁ መረባቸውን የሚጠግኑትን ዓሣ አጥማጆች ጠሩ፤ ሴቶች ከየቤቱ ወጡ፤ ሁሉም ባለቤቴን ያመለክቱና በሣቅ ይፈርሳሉ።

አዛውንቱ እንባቸውን ጠርገው ነገሩኝ። «በእኛ ቤት የሚወራ ሰው አለ። ሙቀት አልችል ብሎ ቀኑን ሙሉ እስከ አንገቱ ባሕር ውስጥ ይቀመጥ ነበር አሉ። ምሳውንም እዚያው ነው የሚበላው። ዕዳ ጠያቂም እዚያው ገብቶ ነው የሚያነጋግረው። አንድ ቀን ጨው ሊጭን የመጣ ደገኛ፣ "በእኛ ሀገር ጠዋት ጠዋት ሣሩ በብርድ ይነጣል" ሲል ሰማው። ተነሥቶ ተከተለው። ልብሱ እንኳ ሳይደርቅ! በዚያው ቀረ። እኛ ልጆች ሆነን ከባሕር አንወጣም ስንል እናታችን፣ "አንተም እንደ ሰውዬው ብርድ ፍለጋ ልትሄድ ነው?" ትለን ነበር።» ከዚያም ጠጋ ብለው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይዘውት የኖሩትን ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ አገኘው? ብርዱን?»

መልሱን በቃል ማስረዳት አስቸጋሪ መስሎ ታየኝ። ወደ መኪናው ሄጄ ባናውን ተሸክሜ መጣሁ፤ አባባ እንዳዘዙኝ በሁለት እጄ ትከሻቸው ላይ ደረብኩላቸው። ክብደቱ ሲያርፍባቸው ትንሽ ጎበጡ፤ ጠጉሩን ዳሰሱት።

«ይኸን የምትለብሱት ሌሊት ነው?»

«ቀንም እንለብሳለን።»

«ፀሐይ እያለች?»

«ፀሐይ እያለች።»

«አገኘው!» ብለው ጮኹ፤ ለሕዝቡም ተረጎሙ። «ሰውዬው አገኘው!» ሕዝቡ አጨበጨበ። «የእኛ ነው!» አሉ አዛውንቱ ባሕር ውስጥ ወዳለው ባለቤቴ እያመለከቱ። «ይኸ የእኛ ነው!»

ፎቶውን አነሣሁ፤ ሳየው ግን የባናው አንድ ጫፍ ታጥፏል። ለአባባ እንዲህ ያለ ፎቶ መውሰድ አልፈለግሁም። ጫፉን አስተካክዬ ሁለተኛ አነሣሁ፤ በዚህኛው ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ...»

«ሴትዮ!» አሉ ላባቸው በጢማቸው እየተንጠባጠበ። «ዘመድ ለመሆን መሞት አለብኝ?»

ወደ አባባ ስንደውል ባለቤቴ አሁንም ውሃው ውስጥ ነበር፤ እንደገመትኩትም ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። «ዓሊም ነበሩ በያቸው፤ ምን ይጎዳል?» እያለ በሹክሹክታ ይለምነኛል። እኔ ግን አባባ የጠየቁኝን አልረሳሁም።

«አባባ፣ "የእኛ ነው" ብለዋል» አልኩ። «ግን ዓሊም አልነበሩም። ሀገራቸውን ጥለው የወጡት ሙቀት አልችል ብለው ነው። ቀኑን ሙሉ ባሕር ውስጥ ይቀመጡ ነበር ይላሉ።»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባባ?» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ በቀስታ። «እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ በሽታ መስሎኝ ነበር።» ቀጥለውም፣ «ሰውዬውን ስጪኝ» አሉ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች በዓረብኛ ሰላምታ ጀመሩ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ እንደገና ስለ ጤና። እኛን የሚያስታውስ አልነበረም። በመጨረሻ አዛውንቱ ወደ አማርኛ ተመለሱ። «ወንድሜ፣ ብርዱ እንዴት ነው? ተስማማችሁ?»

«የትኛው ብርድ?» ሲሉ የአባባ ድምፅ ተሰማ። «ዛሬ እንኳ ሞቆኝ ደጅ ተቀምጫለሁ!»

አዛውንቱ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ለረጅም ጊዜ ሣቁ። ስንሰናበት ለአባባ መልስ ስጦታ ላኩ፤ ሴቶቻቸው ከዘንባባ ቅጠል የሠሩት ሰፊ ማራገቢያ። «ሰውዬው እዚያ ከደረሰ ወዲህም አልበረደውም ማለት ነው። ምስኪን!» አሉ።

አሁን ኅዳር ነው። ፎቶው በአባባ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጎረቤታችን ያዩት ዕለት መጀመሪያ «ይኸ ሰውዬ ምን ደርሶበት ነው የሚያለቅሰው?» አሉ፤ ላብ መሆኑ ከተነገራቸው ወዲህ ስለ ዋና ጠይቀው አያውቁም። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሹራቤን ደርቤ ስወጣ ሁለቱም ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎረቤታችን ከክምሩ አንድ ባና ተሰጥቷቸው እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። አባባ በስስ ጀለቢያቸው፣ የታጁራውን ማራገቢያ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በኩራት ያራግባሉ።

«ኧረ ወዲያ አድርገው!» ይላሉ ጎረቤታችን ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። «ነፋሱን በእኔ ላይ ነው የምትለቀው!»

«ቻለው» አሉ አባባ። «ዘሬ ነው።»