አምስት «ማ»

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ «በሥራዬ በድያለሁ» ብዬ በሁለት ቃል ቋጭቼዋለሁ። እሳቸውም ሁሉም ሰው የሚለው ነገር መስሏቸው ስግደት አዘዙልኝ። ሰገድኩ፤ አልቀለለኝም። ማሳጠር ክፉ ልማዴ ነው፤ ኃጢአቴም የጀመረው ከዚያ ነው። እናንተ ግን ዛሬ ሳላሳጥር ስሙኝ።

ያን ጊዜ በታች ጋይንት ገጠር፣ ስሟን በማልጠራት ትንሽ ጤና ጣቢያ፣ በመድኃኒት መስጫው መስኮት የምሠራ ወጣት ነበርኩ። የሕክምና ጽሑፍ ሁሉ ነገሩ አጭር ነው። «ኤም ኤስ» ተብሎ ሲጻፍ አንዱ ዘንድ የልብ በሽታ ነው፣ ሌላው ዘንድ የነርቭ በሽታ፣ ሌላው ዘንድ ደግሞ የሕመም ማስታገሻ። ኮሌጅ ሳለን መምህራችን በዚህ ሲያስጠነቅቁን እኔ ከኋላ ወንበር እስቅ ነበር። ማሳጠር የአዋቂ ምልክት ይመስለኝ ነበርና ይባስ ብዬ አማርኛውንም አሳጠርኩት። ጠዋትን «ጠ»፣ ማታን «ማ» አደረግኋቸው። ስሜን እንኳ በአንድ ፊደልና በአንድ ጭረት ነበር የምፈርመው።

አንድ አርብ፣ ገበያተኛው እግረ መንገዱን ሊታከም መስኮቴ ላይ ሲጋፋ፣ አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን ትርንጎን አዝላ መጣች። ልጅቷን ሽፍታ እያሳከካት እንቅልፍ ነስቷታል። የታዘዘላት ሽሮፕ ማሳከኩን የሚያስታግስ፣ እንቅልፍም የሚያስይዝ ነበር፤ መጠኑ ማታ ማታ አምስት ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንዲት የሻይ ማንኪያ። እኔ ጠርሙሱ ላይ «5 ማ» ብዬ ጻፍኩ። አምስት፣ ማታ፣ በቃ። አፍ አልነበረኝም? ማንበብ እንደማትችልስ አላወቅኩም ነበር? አውቄአለሁ። «የሚያነብልሽ አለ?» አልኳት። «አባቴ አሉ» አለች። ቀጣዩን ጠራሁ።

አባቷ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ ድጓ ያስመሰከሩ፣ የአጥቢያው ሰው ሁሉ ደብዳቤ የሚያስነብባቸው። በድጓ መጽሐፍ ከቃሉ በላይ ደቃቅ ፊደል ትጻፋለች፤ ያቺ ፊደል ብቻዋን ለሙሉ ዜማ ትቆማለች። ዕድሜ ልካቸውን ከአንዲት ፊደል ሙሉውን ሲያወጡ የኖሩት ሰው የእኔን «ማ» አዩና ማንኪያ አሏት። ሽሮፕስ በምን ይሰጣል? አምስት የሾርባ ማንኪያ ቆጥረው ለልጅ ልጃቸው በገዛ እጃቸው አጠጧት።

በማግስቱ ጠዋት ታቅፈዋት መጡ። ትርንጎ አልነቃችም። ረፋዱ ላይ ሞተች።

መሪጌታ ጠርሙሱን ይዘው ወደ መስኮቴ መጡ። «ልጄ፣ አምስት ማንኪያ አይደል የሚለው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ መጠየቃቸው ነበር። «እስቲ ይስጡኝ» ብዬ ተቀበልኳቸውና ወደ መደርደሪያው ዞርኩ። በዚያው እስክሪብቶ ከ«5» በላይ «ሚሊ»፣ ከ«ማ» አጠገብ «ታ» ጨመርኩ። እኔ ነኝ የጨመርኩት። መልሼ ሰጠኋቸውና «መሪጌታ፣ ይኸው ማታ ይላል እኮ» አልኳቸው።

ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አዙረው ብዙ አዩት። «‹ታ›ን አላየኋትም» አሉ። «ኧረ እኔ! ዓይኔ ነው የገደላት።» ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ሰማች።

ከዚያ ወዲህ ልጃቸው የአባቷን ደጅ ረግጣ አታውቅም። እሳቸውም መጽሐፍ አልገለጡም። ተማሪዎቻቸውን ለሌላ መምህር ሰጡ፤ ሰው ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ «ዓይኔ አይታመንም» ብለው ይመልሱታል አሉ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሩቅ ነው፤ ዝውውር ጠይቄ እስቴ ገብቻለሁና።

በእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ በአንዲት ክፍል ብቻዬን እኖራለሁ። ዘመድ ሊድረኝ ሞከረ፤ እምቢ አልኩ። ልጅ ተወልዶልኝ ቢታመምብኝ በየትኛው እጄ መድኃኒት ላጠጣው? በሥራ ቦታ ከሰው ጋር እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን «እንዴት ዋልክ» የሚለኝ የለም፤ ቢኖርም እውነቱን አልመልስለትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔው ግን ስንት ዓመት አድሮም አልጠራም፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለምና።

ወጣት ነበርኩ ልበል? ሰልፉ ረጅም ነበር ልበል? ሰልፉ ያስጻፈኝ «ማ»ን ነው። «ታ»ን የጨመርኩት ግን ሰልፍ በሌለበት፣ የሞተች ልጅ በማዶው ክፍል ተኝታ ሳለች ነው። ለዚህ ምክንያት የለኝም፤ እንዳትፈልጉልኝም።

መሪጌታ አርጅተዋል፤ ሳይሰሙ ቢሞቱስ እያልኩ እፈራለሁ። ይህን ሁሉ የጻፍኩበትን ወረቀት ብልክላቸው አያነቡትም። ስለዚህ ነገ በመጀመሪያው መኪና ራሴ እሄዳለሁ። አስቀድሜ ልጃቸውን እለምናታለሁ፤ ከመጣችልኝ እሷ ባለችበት፣ እምቢ ካለችኝም ብቻቸውን፣ ቆሜ አነብላቸዋለሁ። ይቅር በሉኝ የምለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ይበሉ አይበሉ የእሳቸው ነገር ነው። አስቀድሜ የምላቸው ይህን ነው፦ መሪጌታ፣ ዓይንዎ ደህና ነው። «ታ» አልነበረችም።