ታኮ የሆነችው ድንጋይ

ባለፈው ሐሙስ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ድንጋዬን ወሰደብኝ። ደጄ ላይ ጎማ ሊቀይር ቆሞ፣ በሩ ሥር ተቀምጣ ያያትን ድንጋይ አንስቶ መኪናው እንዳይንሸራተት ታኮ አደረጋት። ሹፌሮች ታኮ ያደረጉትን ድንጋይ መንገድ ላይ ጥለው መሄድ ነው የሚያውቁት፤ ይሄኛው ግን ወዷት ኖሮ ጭኗት ሄደ። መናኸሪያ ድረስ ወርጄ ከጎማው ሥር አገኘኋት።

«የኔ ናት» አልኩት።

«አባባ፣ ጋይንት ውስጥ ድንጋይ ጠፋ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ጥቁር ናት፣ ወገቧ ላይ ነጭ መስመር ዞሮባታል። በእጅ ይዞ ዳገት ለመውጣት ስለከበደችኝ ትከሻዬ ላይ አደረግኋት። መንገድ ዳር ድንች የምትሸጥ ሴት አየችኝና ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። በኛ አገር ድንጋይ የሚሸከም ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ነው።

«አባቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ማንን በድለው ነው?» አለችኝ።

«ማንንም» ብያት አለፍኩ።

ነገሩ የጀመረው በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ ጋሽ ደምሴ ዘንድ መካኒክነት ስማር አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። እኒህን ሰው እስከ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ እንጂ አክብሬያቸው አይደለም። ጋራዡ የመኖሪያ ግቢያቸው ነው። በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ የተመታ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ዘይት የጠጣ መሬት፣ ከጎኑ የሚስታቸው የጎመን መደብ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ሲበረታ መፍቻው እጅ ላይ ይጣበቃል።

ሞተር ስናወርድ፣ ቴስታታ የሚሉትን የሞተር ራስ ስናነሣ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን የተበላ ካምሻፍት ስናወጣ እኔ አለሁ። አዲሱ ካምሻፍት ሊገባና ታይሚንጉ ሊታሰር ሲል ግን ጋሽ ደምሴ በመኪናው ዙሪያ ሸራ ይጋርዳሉ። ታይሚንግ ማለት ቫልቮቹ የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ጊዜ ከፒስተኑ ጋር ማስማማት ነው፤ ካልተስማሙ ይጋጫሉ። ከወገዳም ከመካነ ኢየሱስም መኪና እየተጎተተ የሚመጣላቸው ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ነበር። «ውጣ» ይሉኛል፣ እወጣለሁ። ውጭ ተቀምጬ የባቄላ ቆሎ እየቆረጠምኩ ከሸራው ጀርባ የብረት ድምፅ እሰማለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲያ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ አያ ታደገ የሚባሉ የወገዳ እህል ነጋዴ ፒክአፓቸው ካምሻፍቱ ተበልቶ አመጡት። አዲሱ ካምሻፍት ከባሕር ዳር መጣ፣ ሸራው ተጋረደ፣ እኔ ወጣሁ። ጋሽ ደምሴ ሥራቸውን ጨርሰው ሞተሩን ሲያስነሡ አንድ ጊዜ ጓ አለና ቀጥ አለ። ቫልቮቹ ታጥፈው ነበር። ጋሽ ደምሴ በድንጋጤ ሸራውን ገልጠው «ፍታው» አሉኝ። የፊቱን ክዳን ስፈታ አየሁት። ትልቁ ማርሽ ላይ አንዲት ነጥብ፣ ትንሹ ማርሽ ላይ አንዲት ነጥብ ተቀርጻለች። ሁለቱ ፊት ለፊት መግጠም ሲገባቸው ሦስት ጥርስ ተራርቀው ቆመዋል። አራት ዓመት የተደበቀብኝ ጥበብ ሁለት ነጥብ ነበር። ጋሽ ደምሴ ማየቴን አዩ፤ ጨርቅ ጣል አደረጉበት።

ከሰዓት አያ ታደገ ሲመጡ የገበያ ሰው በሩን ሞልቶታል። ጋሽ ደምሴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «እኔ ምሳ ስበላ ይሄ ነካክቶት ነው» አሉ። «እኔ አልነካሁትም» ብል የሚሰማኝ አልነበረም።

ወሬው ከከተማው በታች ያለ መንደራችን ደረሰ። ልጅሽ ሊታሰር ነው ብለዋት፣ እናቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንጋይ ተሸክማ መጣች፣ ያችን ነጭ መስመር ያለባትን። ሰው ነግሮኝ ሮጬ ስደርስ የጋሽ ደምሴ በር ላይ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። እሳቸው በሩ ተከፍቶ ምሳ ላይ ናቸው፤ እናያቸዋለን፣ ያዩናል። ጎርሰው፣ አላምጠው፣ ውኃ ጠጥተው፣ እጃቸውን ታጥበው ወጡ።

«ልጅ ነው እናቴ፣ ይሳሳታል። ለርስዎ ስል ይቅር ብዬዋለሁ፤ ያውርዱት» አሉ።

እናቴ ድንጋዩን አውርዳ ጉልበታቸውን ሳመች። ልናገር አፌን ስከፍት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሰው ቢበድለኝ ምናልባት እረሳ ነበር። በገዛ ጥፋቱ እኔን ይቅር ሲለኝ፣ ያውም እናቴን አቁሞ ምሳውን እየበላ፣ ያን ልረሳ አልቻልኩም። ድንጋዩን ተሸክሜ ወደ ተከራየሁበት ቤት ሄድኩ።

በማግስቱ አያ ታደገ ዘንድ ሄጄ መኪናውን ስጡኝ አልኳቸው።

«ያበላሸኸውን መልሼ ልስጥህ?» አሉኝ።

«ያበላሸሁት እኔ ከሆንኩ ገበያ መሐል አዋርዱኝ። እዚያው ሰው እያየኝ ነው ታይሚንጉን የማስረው።»

«እናትህን አይቻታለሁ» አሉ፤ «ውሰድ።»

ቫልቮቹ እስኪመጡ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ቴስታታውን በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ገጣጥሜ፣ ታይሚንጉን ብቻ አስቀርቼ፣ በገበያ ቀን መኪናውን አስገፍቼ ጋሽ ደምሴ በር ፊት ለፊት አቆምኩት። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ የእናቴን ድንጋይ ታኮ አደረግኋት። ሹፌር፣ ገበሬ፣ አስተማሪ፣ የጫት ነጋዴ ሳይቀር ከበበኝ። ሸራ የለም። እጄን አንስቼ ነጥቦቹን አሳየሁ።

«ይቺን ነጥብ አያችኋት? ያቺንስ? እንዲህ ፊት ለፊት ማጋጠም ነው።»

በዚህ ጊዜ ጋሽ ደምሴ በሰው መሐል ተሽሎክልከው አጠገቤ ደረሱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ተው። እንጀራዬ ናት» አሉኝ።

እኔም ዝቅ አድርጌ መለስኩ። «እናቴ ቤት ሄደው ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጅሽ አይደለም ይበሏት። ክዳኑን አሁኑኑ እዘጋዋለሁ።»

ሰዉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መሬት አዩ።

ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ከኋላ ላልሰማችሁ፣ እንደገና!» አልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እሳት የሚሰጠውን የፊተኛውን ካንዴላ ነቅዬ ቀዳዳውን በወረቀት ወተፍኩት፤ ሞተሩን በእጅ ሳዞረው ወረቀቱ ቡፍ ብሎ ዘለለ። «ይሄኔ ነው እሳቱ መምጣት ያለበት» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ የፈለገ ሁሉ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ከዚያ ቀን የጣፈጠ ቀን አላየሁም።

በዓመቱ ከተማዋ ውስጥ አራት ጋራዥ ተከፈተ። የጋሽ ደምሴ ቆርቆሮ ሥር ዶሮ ይጭርበት ጀመር።

ያን ዕለት ወደ እናቴ ሮጬ ሁሉን ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ድንጋዬንስ?»

መኪናውን ሳስነሣ እዚያው ጥያት መጥቻለሁ። ተመልሼ ብሄድ አጣኋት።

ዓመታት አለፉ። እናቴ እውነቱን ከሳቸው አፍ ሳትሰማ ሞተች፤ እኔም አግብቼ የራሴን ጋራዥ እዚህ ግቢዬ ውስጥ ከፈትኩ። አንድ የጾም ቀን ምሳ ቀርቦ ሳለ ባለቤቴ ከበር ተመለሰች።

«ጋሽ ደምሴ ናቸው። ድንጋይ ተሸክመዋል።»

በተከፈተው በር አየኋቸው። አርጅተዋል። አንገታቸው ላይ ካለው ድንጋይ ነጩን መስመር ለየሁት። ለካ ያን ቀን አንስተው ያኖሯት እሳቸው ኖረዋል።

«ውጣ እንጂ» አለችኝ ባለቤቴ።

«ምሳዬን ልጨርስ።»

ጎረስኩ፣ አላመጥኩ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ እጄን ታጠብኩ። ስወጣ ድንጋይዋ በሩ ሥር ተቀምጣለች፣ እሳቸው የሉም። ክረምቱን ሳይጨርሱ ሞቱ። ምን ሊሉኝ እንደመጡ አልሰማሁም። ያን ሁሉ ዓመት አንዲት ቃል ስጠብቅ ኖሬ፣ ቃሏ ደጄ ድረስ ስትመጣ ሽሮ እየበላሁ ነበር።

ተጸጸትኩ አልልም። እናቴን ያቆሙበትን ሰዓት ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል፤ ያ ምሳ ቢመለስ ዛሬም ቀስ ብዬ እንደማልበላው እርግጠኛ አይደለሁም።

ሐሙስ ዕለት ዳገቱን ጨርሼ ደጄ ስደርስ ትከሻዬ ዝሏል። ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ግቢው ጭር ብሏል። ድንጋይ የተሸከመ ሰው አውርደው ሳይባል አያወርድም። ከነድንጋዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ማን እንዲለኝ እንደምጠብቅ አውቀዋለሁ፤ ምሳዬን እየበላሁ እዚሁ በር ላይ ያቆምኳቸው ሰውዬ ናቸው።